ጎመንና ቆስጣ ከጓሮ እስከ ድስት፦ አቀጣጠፍ፣ አስተጣጠብ፣ አቀማመጥ

ጓሮው ውስጥ ጎመን ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ችግኙ እንዴት አምሮ ነበር! ሁለት ሦስቴ ቀጠፍኩለትና ቀጥ አለ። ምን ነካው?» አንዱ አፈሩን ይጠረጥራል፣ ሌላው ዘሩን። የሰው ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ አቀጣጠፉ ላይ ነው። በደንብ የተቀጠፈ ጎመን ለወራት ይሰጣል። ያለ አግባብ የተቀጠፈ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ግንዱ ብቻ ይቀራል።

ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «ለምን ይመረኛል? ለምን ድስት ውስጥ ይጠቁራል?» የዚህም መልስ ግማሹ ያለው ጓሮ ነው። ስለዚህ ከእግሩ እንጀምርና ድስት ድረስ እንሂድ። መመሪያው በዋናነት ለሀበሻ ጎመንና ለቆስጣ ነው። ቅጠል ሰላጣም በአብዛኛው እንደ ቆስጣ ይቀጠፋል። ጥቅል ጎመን ግን ሌላ ነው፤ እሱ አንዴ ይቆረጣል፣ አለቀ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትንሽ ስለታም ቢላዋ (ለቆስጣ፤ ለጎመን እጅ ይበቃል)
- ቅርጫት ወይም ሰፌድ። ፌስታል አይሁን፤ ቅጠሉ ታፍኖ ያልበዋል፣ ቶሎም ይበላሻል
- ሁለት ሳፋ
- ጨው
- ወንፊት
- ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፎጣ
- ሰፊ ድስት
- ፍሪዘር ውስጥ ለምታስቀምጡ፦ በረዶና የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት
- ወፍራም ጓንት፣ ሳማ ለምትቀጥፉ ብቻ

1. እግሩ መድረሱን እዩ

ጎመኑ በደንብ የተዘረጉ ከ8 እስከ 10 ቅጠሎች ሳይኖሩት አትንኩት። ትልልቆቹ ቅጠሎች ቢያንስ የእጅ መዳፍ ማከል አለባቸው። ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ገና አምስት ቅጠል እያለው ሁለቱን ከወሰዳችሁበት ሥር ለመስደድ አቅም ያጣል። ትንሽ መታገሥ በኋላ ብዙ ቅጠል ያስገኛል።

ከመቅጠፋችሁ በፊት የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡና እዩ። ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ካለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ትንንሽ ቀዳዳና ጥቁር ኩስ ካያችሁ ደግሞ ትል አለ። ክሽክሽ የወረረውን ቅጠል ለይታችሁ አውጡት። እዚያው እግሩ ሥር አትጣሉት፤ ተመልሶ ይወጣል።

2. ሰዓቱን ምረጡ

ጠዋት ጤዛው እንደ ረገፈ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅጠፉ። ሌሊቱን ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶ ያድራል። ፀሐይ ስትበረታ ያንን ውሃ ያጣዋል። ቀትር ላይ የተቀጠፈ ጎመን ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል፤ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍም የጠዋቱን ያህል አያንሰራራም። ጠዋት ካልተመቻችሁ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ይሁን።

ለምን ጤዛው እስኪረግፍ? እርጥብ ቅጠል ላይ የተነካካ እጅ በሽታን ከእግር እግር ያዛውራል። በተለይ የቅጠሉን ጠርዝ እንደ ቀስት እያቢጨ ወደ ውስጥ የሚገባው በሽታ በውሃ ነው የሚዛመተው። በክረምት ዝናብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። የታመመ የሚመስል እግር ካለም እሱን መጨረሻ ላይ ንኩት።

በኅዳርና በታኅሣሥ በደጋው አገር ውርጭ ሲመታ ጎመን ይጣፍጣል። ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ስለሚያጠራቅም ነው። ቀለል ያለ ውርጭ ጎመኑን ገደለው ብላችሁ አትንቀሉት፤ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁና ቅጠፉ።

3. ከታች ወደ ላይ ቅጠፉ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ጎመን የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ነው።

ከግንዱ ሥር ካለው ትልቁ ቅጠል ጀምሩ። በአንድ እጃችሁ ግንዱን ያዙ። በሌላው የቅጠሉን ዘንግ ግንዱን የሚነካበት ቦታ ድረስ ገብታችሁ ያዙት። ከዚያ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ጎን ጠምዘዝ። ቀጭ ብሎ ይለቃል። ግንዱን ሳይዝ የሚቀጥፍ ሰው እግሩን ከነሥሩ ይነቀንቀዋል። ቀጫጭኑ ሥር አፈር ውስጥ ይበጠስና ጎመኑ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። ቅጠሉ ሲወጣ የግንዱ ልጥ ተከትሎ ከተላጠ ደግሞ ሳትጠመዝዙ ስባችኋል ማለት ነው። እጃችሁ እስኪለምድ ቢላዋ ተጠቀሙ።

ጉቶ አትተዉ። ዘንጉን መሃሉ ላይ የቆረጣችሁት እንደሆነ የቀረው ቁራጭ ይበሰብሳል፤ በዚያ በኩል በሽታ ይገባል።

መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች፣ አምስቱ ወይም ስድስቱ፣ አይነኩም። አዲሱ ቅጠል የሚወጣው ከዚያ ነው። ለጋ ስለሆነ እጅ ይስባል፤ ግን ተዉት። ጫፉን የቆረጠ ሰው ከጎን ቀጫጭን ቡቃያ ያገኝ ይሆናል፤ ሰፊ ቅጠል ግን አያገኝም።

በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ዘጠኝ ካለው ሦስት። ከዚያ አንድ ሳምንት ይረፍ፤ በብርድ ጊዜ አሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ። አሁን ሒሳቡን አስሉት። ለአንድ ድስት 30 ያህል ትልልቅ ቅጠል ከፈለጋችሁ 10 እግር ያስፈልጋችኋል። አራት እግር ተክሎ በየሳምንቱ ጎመን ልብላ የሚል ሰው ነው ጎመኑን በቁሙ የሚጨርሰው። ቦታ ለሌለው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈር ሞልቶ መትከል ይቻላል፤ ግን በቁጥሩ አትሸወዱ።

ቢጫ የሆኑትን የታች ቅጠሎች፣ ባትበሏቸውም፣ አብራችሁ አውጡ። እግሩን አይጠቅሙትም፤ መሬት እየነኩ ይበሰብሳሉ፣ ቀንድ አውጣም ይደበቅባቸዋል። ለዶሮ ወይም ለብስባሽ ጉድጓድ ይሁኑ።

ቆስጣ ላይ አያያዙ ይለያል። ግንድ የለውም፤ ዘንጎቹ ሁሉ ከአንድ እግር ከመሬት ነው የሚነሡት። ከጎተታችሁት ከነሥሩ ይመጣል። ዳር ዳር ያሉትን ብቻ ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በቢላዋ ቁረጡ፤ የመሃሉን ተዉ። ለድግስ ብዙ ካስፈለገ ሁሉንም በአንዴ ቆርጣችሁ ብታነሡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ግን ጊዜ ይወስድበታል።

4. አበባ ሲመጣ

ጎመኑ መሃል ላይ ቀጭን ግንድ መዝዞ ቢጫ እምቡጥ ከያዘ ወደ ዘር እየሄደ ነው። ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል፣ ይመራል። እምቡጡን ገና ሳይፈነዳ ቅጠፉት፤ ለተወሰነ ጊዜ ይዘገይላችኋል። የተቀጠፈው እምቡጥ ራሱ ለጋ ነው፤ ከጎመኑ ጋር አብሮ ይበስላል። አበባው ከፈነዳ በኋላ ቅጠሉን ለማዳን መታገል ትርፉ ድካም ነው። ሙቀትና የውሃ እጥረት ይህን ያፋጥኑታል፤ በበጋ ውሃ ያልዘለለበት ጎመን ይቆያል።

5. ወዲያው ጥላ ውስጥ አግቡ

ቅርጫቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ወሬ አትጀምሩ። የተቀጠፈ ቅጠል ከሥር ውሃ አያገኝም፤ ማትነኑን ግን አያቆምም። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ትልልቁንና ለጋውን እዚያው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የሚበስሉበት ጊዜ ስለሚለያይ በኋላ ይጠቅማችኋል።

6. አስተጣጠብ

ሳይከተፍ ነው የሚታጠበው። ከተከተፈ በኋላ ካጠባችሁት በውሃ የሚሟሟው ቪታሚን አብሮ ይፈስሳል።

መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ በአንደኛው ሳፋ አጥልቃችሁ እሹት። ከዚያ ቅጠሉን ከላይ አንሱና ወደ ሁለተኛው ሳፋ አዛውሩ። ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ አትድፉ፤ ታች የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። በክረምት የዝናብ ጠብታ አፈር ስለሚረጭበት የታችኞቹን ቅጠሎች ጀርባ በጣት እሹ።

በሁለተኛው ሳፋ ውሃ ላይ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩና 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ትልና ክሽክሽ ይለቃል፤ ተንሳፎ ታዩታላችሁ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ጨው ቅጠሉን ያጠወልገዋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨውም ሆነ አቼቶ አሜባንና ጃርዲያን ያጠፋል ብላችሁ አትተማመኑ። ለጎመን ችግር የለውም፤ ይበስላል። በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ግን በምን ውሃ እንደ ጠጣ የምታውቁት ብቻ ይሁን።

7. አቀማመጥ

ዛሬ የማይሠራ ከሆነ አታጥቡት። እርጥበት ፍሪጅ ውስጥ ያበሰብሰዋል። አፈሩን አራግፉ፣ በትንሹ ረጠብ ባለ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ቀዳዳ ባለው ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ አስገቡ። ከአራት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ከሙዝ፣ ከፖምና ከበሰለ ቲማቲም አርቁት፤ ከእነሱ የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን ቶሎ ያቢጨዋል።

ፍሪጅ ከሌለ ዘንጉን ውሃ ባለበት ጆግ ውስጥ ነክራችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቁሙት። አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት።

8. ከድስቱ

አንድ ኪሎ ጎመን ብዙ ይመስላል። ሲበስል ግን የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው በቂ ነው።

ከትልልቁ ቅጠል መሃል ያለውን ወፍራም ዘንግ አውጡ። አትጣሉት፤ ደቀቅ አድርጋችሁ ከትፉና ከቅጠሉ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይግባ። ቅጠሎቹን ደራርባችሁ ጠቅልሉና በቀጭኑ ክተፉ።

ውሃ በሰፊ ድስት አፍሉ፣ ጨው ጣል አድርጉበት፣ ጎመኑን ጨምሩ። ድስቱ አይከደን። ጎመን ሲሞቅ የሚለቀው አሲድ በእንፋሎት መውጣት አለበት፤ ታፍኖ ከቀረ አረንጓዴውን ወደ ወይራ መልክ ይለውጠዋል። ጠቆረብኝ የምትሉት ይህ ነው። ሎሚ የምትወዱም ከወጣ በኋላ ጭመቁበት። ቀለሙ እንዲያምር ብላችሁ ሶዳ አትጨምሩ፤ ቅጠሉን ያላሽቀዋል፣ ቪታሚን ሲንም ያጠፋል።

ለጋው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፣ የጠነከረው እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። አውጡና አንጠፍጥፉ፤ ከቀቀላችሁበት ውሃ አንድ ኩባያ አስቀሩ። የመረረ ጎመን ከሆነ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ድፉት፤ ምሬቱ አብሮ ይሄዳል።

ቀይ ሽንኩርት በዘይት አብስሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትሉ። ጎመኑን ጨምሩና ካስቀራችሁት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 10 ደቂቃ አማስሉ። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ሰውነት የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው። ቃሪያው ድስቱ ሊወርድ ሲል ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ይጠፋል።

ለጎመን ክትፎ ደግሞ ዋናው ነገር ጭመቃው ነው። የተቀቀለውን በጨርቅ ቋጥራችሁ ጠብታ እስኪያጣ ጭመቁ። ውሃ ከቀረበት ቅቤው አይዘውም፤ ሳህን ላይ ውሃ ያቋጥራል። ከዚያ እስኪደቅቅ ከትፉ፤ ለብ ያለ ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣና ጨው። አይብ ከጎኑ።

ቆስጣ ስስ ነው። ዘንጉን መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ቅጠሉን ከዚያ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ። ከድንች ጋር የምትሠሩት ከሆነ ድንቹ ሊበስል ሲል አስገቡት።

9. ሲተርፍ፦ ፍሪዘር

ጥሬውን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ። ቅጠል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በብርድም ቀስ እያሉ ይሠራሉ፤ ከጊዜ በኋላ ጣዕሙ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። መጀመሪያ በሚፈላ ውሃ መለብለብ አለበት፤ ቆስጣና ለጋ ጎመን 2 ደቂቃ፣ ወፍራም ቅጠል 3 ደቂቃ። አዲስ አበባና ሌላው ደጋ ላይ ያላችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ ቆላው 100 አይደርስም።

እንደ ወጣ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ካልሆነ መብሰሉን ይቀጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጭመቁ፣ ለአንድ ድስት በሚሆን መጠን ከፋፍሉ፣ ከረጢቱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ ቀኑን ጻፉበት። ስምንት ወር በደህና ይቆያል። ስታወጡት ማቅለጥ አያስፈልግም፤ እንደ በረደ ድስት ውስጥ ይግባ።

አሜሪካ ያላችሁ ኮላርድ በዚሁ መንገድ ትቀጥፋላችሁ፤ ከሀበሻ ጎመን ስለሚወፍር ግን መቀቀያ ጊዜውን አስረዝሙ። ዓረብ አገር በበጋው ሙቀት ጎመን ደጅ ላይ አይሆንም፤ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ተክላችሁ በብርዱ ወራት ቅጠፉ።

ሳማ ለምትቀጥፉ

በጎንደር፣ በጎጃምና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ሳማ በጾም የታወቀ ምግብ ነው፤ ስለሱም የሚጠይቁኝ አሉ። ሳያብብ፣ ከጫፉ ያሉትን ከአራት እስከ ስድስት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ቅጠፉ። ካበበ በኋላ ይሻክራል፣ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። በጓንት ያዙ፣ በማማሰያ እጠቡ። የሚለበልበው ፀጉሩ የሚጠፋው ሲፈላ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ በደንብ ከፈላ በባዶ እጅ መያዝ ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ

- አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ከበቀለ አትክልት አትቅጠፉ። ውሃው የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ ይቀበላል። ቅጠሉ በሥሩ የሳበውን ከባድ ብረት ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም።
- የመኪና መንገድ ዳርና ውሻ የሚመላለስበት ቦታ የበቀለውንም ተዉት።
- ፀረ ተባይ ከተረጨ፣ ለምሳሌ ማላታዮን፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አትቅጠፉ። ያለ ጽሑፍ በጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ጎመን ላይ አይረጭ። ክሽክሹ ጥቂት ከሆነ ጠንከር ባለ ውሃ ማጠብ ወይም ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ መርጨት ይበቃል።
- ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጎመን በድንገት ማብዛትም ማቆምም የለበትም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ መድኃኒቱን ይጻረራል። መጠኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።
- የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቆስጣ አያብዛ፤ ጠጠሩን የሚያባብስ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል።
- ለይታችሁ የማታውቁትን የዱር ቅጠል አትብሉ።
- የበሰለ ጎመን ምድጃ ላይ አያድር። ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ከአንድ እግር ብቻ መጨረስ።* በር አጠገብ ያለው እግር ሁልጊዜ ራቁቱን ይቀራል፤ ጥግ ያለው ደግሞ አርጅቶ ይመራል። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ።

*አለመቅጠፍ።* መሳሳትም ጥፋት ነው። ቅጠሉ ሳይነሣ ከቆየ ይጠነክራል፣ ክሽክሽ ይሰፍርበታል።

*ከቀጠፉ በኋላ መርሳት።* ቅጠል የወሰዳችሁበት እግር አዲስ ማውጣት አለበት። በዚያው ቀን ውሃ ስጡት፤ በሁለት ሳምንት አንዴ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ሥሩ ዙሪያ አድርጉ። ትኩስ ፍግ አይሁን፤ ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ተውሳክም አለበት።

*ዘር ከተሳሳተ እግር መያዝ።* ብዙ ሰው ቀድሞ ያበበውን «ይኼ ለዘር ይሁን» ብሎ ይተወዋል። ቶሎ ካበበ እግር የተያዘ ዘር በሚቀጥለውም ዓመት ቶሎ ያብባል። ለዘር የሚተወው መጨረሻ ላይ ያበበው፣ ቅጠሉ ሰፊና ጤነኛ የሆነው ነው። ፍሬ መያዣው ሲቢጭ፣ ደርቆ ሳይፈነዳ፣ ጠዋት ቁረጡና ጨርቅ ላይ አድርቁት። ለችግኝ ከሚያስፈልጋችሁ የተረፈው የጎመን ዘር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።